መደቡ እንግዳው ላይ ሲቀመጥ

«መደብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ካሉት ቤቶች ሁለቱን እንይ። አንደኛው ጭቃ ቤት ነው፤ ከግድግዳው ሥር ከአፈርና ከጭድ ተቦክቶ የሚሠራው፣ ቀን የሚቀመጡበት፣ ሌሊት ቁርበት አንጥፈው የሚተኙበት ከፍታ መደብ ይባላል። ሁለተኛው ቤቱ ሸማ ተራ ነው፤ «መደቡ ነጭ፣ ጥለቱ አረንጓዴ» ሲባል ጌጡ የሚያርፍበት ሰፊው ሜዳ ማለት ነው። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች «ባክግራውንድ» የሚሉት ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። እንዲያውም የገጹን አናት ራስጌ፣ የገጹን እግር ግርጌ ማለታቸውን ላስተዋለ፣ ሰዎቹ ሳይታወቃቸው የሚያነጥፉት አልጋ ነው። ቃሉ በሁለቱም ቤቱ ሥራው አንድ ነው፦ ከላዩ ያረፈውን መሸከም። እንግዳ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ መደብ እንግዳ ላይ ከተቀመጠ ግን ያ ቤት ፈርሷል ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር ትልቅ ፎቶ ተነጥፎባቸው ጽሑፋቸው ከላይ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስባቸውን ድረ ገጾች የከፈተ ሰው የሚሰማው ይኸው የፈረሰ ቤት ስሜት ነው፤ የሚፈልገው ስልክ ቁጥር እዚያ ውስጥ መኖሩን ያውቃል፣ ፍርስራሹን ማንሳት ግን የእሱ ሥራ ሆኗል።

ድሩ ሲወለድ ሥዕል አልነበረውም። ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል የሠራውን የመጀመሪያውን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም ሲከፍት፣ የታየው ጽሑፍና ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚያሻግር ጽሑፍ ብቻ ነበር። በ1993 ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ አሰለፈ። ይህ መልካም ጉርብትና ነበር፤ ሥዕሉም በደጁ፣ ጽሑፉም በደጁ። ጣጣው የመጣው በ1995 ኔትስኬፕ 1.1 ሥዕልን ከጽሑፍ ሥር ማንጠፍ ሲፈቅድ ነው። ሥዕሉ ከገጹ ያነሰ እንደሆነ ብራውዘሩ አይጨነቅም፤ ገጹ እስኪሞላ ደጋግሞ ይለጥፈዋል። ይህ ጠባዩ ዛሬም አለቀቀውም። «አትድገም» ብሎ ያላዘዘው ሰው አንዲት ትንሽ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ሰጥቶ አርባ ቤተ ጊዮርጊስ ይረከባል። ንጉሥ ላሊበላ መላእክት ረድተውት እንኳ 11 አብያተ ክርስቲያናት ፈልፍሎ ነው ያረፈው፤ ብራውዘሩ ያለ መሮ ያለ መዶሻ አርባውን በአንድ ትንፋሽ ያቆማቸዋል።

ከመደጋገሙ ለመዳን የተገኘው ዘዴ ፎቶውን ትልቅ ማድረግና ገጹን እንዲሸፍን ማዘዝ ነው። የድረ ገጽ አልባሳት ቋንቋ በሆነው በሲኤስኤስ ትእዛዙ «ከቨር» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሸፍን፣ የተረፈውን ቁረጥ» ነው። ሰዎች የመጀመሪያውን ቃል ሰምተው ሁለተኛውን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። ወርዱ 16 ቁመቱ 9 እጅ የሆነ ፎቶ፣ ወርዱ 9 ቁመቱ 16 እጅ የሆነን የስልክ ገጽ ሙሉ በሙሉ ሲሸፍን ከፎቶው ወርድ የሚታየው 32 በመቶ ግድም ነው። አሁን የሚሸጡት ስልኮች ደግሞ ከዚህም ይረዝማሉ፤ 9 በ20 በሆነው ላይ የሚተርፈው ሩብ ነው። እንግዲህ የአንድ ድርጅት አመራሮች በአንድ ረድፍ ቆመው የተነሱት ፎቶ መደብ ይሁን ተባለ እንበል። ሥራ አስኪያጁ መሐል ናቸው፤ ተረፉ። ምክትሎቹ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ከስልኩ ውጭ ቆመው ቀሩ። የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ትከሻ አላቸው። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሆነው ዳር የቆሙ ዕለት ደግሞ ድርጅቱን የሚመራው መሐል የተገኘው ሾፌር ነው። ይህን የሥልጣን ሽግሽግ ቦርዱ አልወሰነውም፤ የስልኩ ጥበት ነው የወሰነው። «አትቁረጥ፣ ጨምቀህ አስገባው» ቢባል ሰዎቹ ሁሉ እንደ ጧፍ ቀጥነው ይረዝማሉ፤ «ሳታጣምም በሙሉ አሳየው» ቢባል ፎቶው የገጹን ሲሶ ይዞ የቀረው ሁለት እጅ ባዶ ይቀራል። አራተኛ ምርጫ የለም ማለት አይደለም፤ ለስልኩ የተለየ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ግን አመራሩን ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን የሚሰበስብ ማን ነው?

የመቆረጡ ነገር የዓለም ሁሉ ችግር ነው። የእኛ የብቻችን ፈተና ፊደላችን ነው። ግእዝ አናባቢውን የሚይዘው በጭረትና በቅንጣት ነው። «ቡ» ከ«በ» የሚለየው ቀኝ እግሩ ወገብ ላይ በወጣች አንዲት ጭረት ነው፤ ያችው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ወረደች ማለት «ቢ» ሆነ፤ ጭረቷ ቀርታ ግራ እግሩ ካጠረ «ባ» ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ይህን የሰባት ዓመት ልጅ ይለየዋል። ከሥሩ ሣር፣ ቅጠል፣ የባሕር ዛፍ አጥር ወይም የጭላዳ ዝንጀሮ ጎፈር ሲነጠፍበት ግን ምድሩ ሁሉ ጭረት ይሆናል፤ የትኛው የፊደል፣ የትኛው የዝንጀሮ እንደሆነ መለየት የሊቅ ሥራ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ተራ የፊደል ግድፈት አይደለም። የአክብሮት ቋንቋችን ብዙው ጓዙ ካዕብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ይግቡ፣ ይብሉ፣ ይቀመጡ። በብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች መግቢያ ላይ «ይግቡ» የሚል ቁልፍ አለ። የ«ቡ»ን የወገብ ጭረት ቅጠል ከዋጣትና ግራ እግሩን ጥላ ካሳጠረው፣ አዛውንቱ አንባቢ የሚያነቡት «ይግባ» ነው። ይህ እሳቸውን ማናገር ሳይሆን በእሳቸው ፊት ዘበኛውን ማናገር ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰዋስዋችን ነው። አማርኛ ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ግሡ ሳይመጣ አዎ ይሁን አይደለም አይታወቅም። ፎቶ ደግሞ ብርሃኑ እኩል አይደለም፤ ግራው ገደል ሆኖ ጠቁሮ፣ ቀኙ ደመና ሆኖ ይነጣል። በዚህ ላይ በነጭ ፊደል «ክፍያው ተመላሽ አይሆንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሰየም፣ ከገደሉ ተነስቶ ወደ ደመናው ይጓዛልና የመጨረሻው ቃል ደመና ውስጥ ይገባል። ለአንባቢ የሚደርሰው «ክፍያው ተመላሽ» ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ደብልዩ3ሲ፣ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል፤ ነጭና ጥቁር ሲገናኙ 21 ለ1 ነው። ወጥ ቀለም ያለው መደብ አንዴ ይለካል፣ ያልቃል። ፎቶ ግን በየጣቱ ስፋት ልኩ ስለሚለያይ፣ «ይህ ገጽ ይነበባል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «የትኛው ፊደል?» ነው። ስልኩ ጠበብ ሲል ጽሑፉ ስለሚታጠፍ ደግሞ ትናንት ገደሉ ላይ የተለካው ቃል ዛሬ ደመናው ላይ ይገኛል።

ክብደቱንም እንመዝን፤ ሚዛኑ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ቃሉን በአማካይ አምስት ፊደል ብናደርገው፣ ከክፍተቱ ጋር 16 ባይት ነው። በገጽ 250 ቃል ይዞ 500 ገጽ የሚሞላ ድንጋይ የሚያህል ልብወለድ እንግዲህ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው ማለት ነው። ከስልክ ካሜራ ሳይቀነስ የወጣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢመዝን ማንም አይደነቅም። ስለዚህ አንድ የጽዳት ድርጅት ስልክ ቁጥሩን ለማሳወቅ ሁለት ወፍራም ልብወለድ አሸክሞ ይልካል፤ ያውም ሜጋባይቱን በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያመላልስ መስመር ይህ ፎቶ 32 ሴኮንድ ይፈጃል። በዚያ 32 ሴኮንድ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ብዙ ዲዛይነር አያየውም፣ ምክንያቱም ፎቶው እሱ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ አለ። ጽሑፉ ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል፤ ፎቶው ጨለማ ነው ተብሎ ታስቦ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ፎቶው ግን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ብራውዘሩ ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ መደቡን ነጭ ያደርገዋል። ነጭ በነጭ። ገጹ ተከፍቷል፣ ጽሑፉ ደርሷል፣ የሚታይ ግን የለም። መድኃኒቱ ከፎቶው ሥር አንድ ጥቁር ቀለም በአንድ መስመር ማዘዝ ነበር፤ ሁለት ልብወለድ ተጭኖ ይህች አንዲት መስመር ትረሳለች።

ይህ ሁሉ አዲስ ችግር ይመስላል እንጂ መልሱ ወረቀት አገራችን ሳይገባ የተሰጠ ነው። አድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። እዚያ ሥዕል ሞልቷል፤ ቀለሙም አልተቆጠበም። ግን ወንጌላዊው ሲሣል ገጹን ለብቻው ይዞ ነው፤ ወንጌላቱን እርስ በርስ የሚያመሳክሩት ቁጥሮች በተጻፉበት ገጽ ደግሞ ሥዕሉ ዓምድና ቅስት ሆኖ ቁጥሮቹን አቅፎ ይቆማል እንጂ ከሥራቸው አይነጠፍም። ኋላ የመጣው ሐረግም እንዲሁ ነው፤ ከጽሑፉ አናት ላይ ተጠምጥሞ በጎንና በጎን ይወርዳል፣ መሐሉን ለቁም ጸሐፊው ይለቃል። ባዶው ብራና ሳይሞላ የቀረ ቦታ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ነበር። ሸማኔውም ይህን ያውቃል፦ ጥለቱን ወደ ዳር ይወስደዋል፣ መደቡን ነጭ ይተወዋል፤ ቀሚሱ የሚያምረውም በዚህ ነው። ከሁሉ የበለጠው ምስክር ግን እንጀራ ነው። በዓለም ላይ ካሉ መደቦች ሁሉ እንደ እንጀራ ሥራውን የሚያውቅ የለም። ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጎመኑ፣ አይቡ እያንዳንዱ ቦታ ቦታውን ይዞ ከላዩ ይነበባል። እንጀራ ባዶ ነው እንዳይባል ዓይን አለው፤ ዓይኑ ግን ጥቃቅንና እኩል ስለሆነ ከሽሮው ጋር አይወዳደርም። ደግሞ ከእንጀራው ሥር ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ አበባ ወይም ፒኮክ ተሥሏል። ያንን ፒኮክ የሚያየው በልቶ የጨረሰ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «አንተ ያለፈውን ትጠቅሳለህ እንጂ የዛሬው ሰው ከፎቶ ላይ ማንበብ ለምዷል፤ የሰርግ መጥሪያውን፣ የምረቃ ባነሩን፣ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከት» ይባላል። እንመልከት። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጥሩው ዓይነት ፎቶውን ከላይ፣ ቀናቱን ከታች ያደርጋል፤ ይህ የእኔ ወገን ነው። ቀናቱን ፎቶው ላይ የሚያትመው ዓይነት ግን ለቤቱ ጌጥ ሆኖ ይሰቀልና ቀኑ ከስልክ ይታያል፤ ጳጉሜን ቀድሞውንም አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ፎቶው ላይ ያለው ፏፏቴ ጠራርጎ ወስዷታል። የሰርግ መጥሪያውም ቢሆን፣ የሙሽሮቹ ፎቶ ከሥር ተነጥፎ የአዳራሹ አድራሻ ሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ሲጻፍ፣ እንግዳው መንገዱን ለማግኘት የሰው ሚስት አፍጥጦ ማየት ግድ ይሆንበታል። ለምዶታል የሚባለው ሰው አድራሻውን የሚያገኘው ደውሎ ነው። ከዚህ የተሻለ ተቃውሞ የገንዘብ ኖቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የወጡት የብር ኖቶች መደባቸው በቀጫጭን መስመር፣ በጥልፍልፍና በሥዕል የተሞላ ነው፤ ማንም ግን መቶውን ከሁለት መቶው አይሳሳትም። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጥልፍልፍ የተደረገው ለመቅዳት እንዲያስቸግር ነው፣ ቁጥሩም ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ጥልፍልፉን እንዲያሸንፍ ነው። ድርጅቱ ስልክ ቁጥሩ እንዳይቀዳበት የሚፈልግ ከሆነ የኖቱን ዘዴ መከተል መብቱ ነው።

ሌላው መልስ የባለሙያዎቹ ነው፤ ፎቶው ላይ ግልጽነት ያለው ጥቁር ቀለም እንደ ዓይነ ርግብ እናልብሰው ይላሉ። ይህ ሐቀኛ መፍትሔ ነው፤ ሥራም ይሠራል። ልኩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ነጭ ደመና ላይ ጥቁሩን 50 በመቶ ብናለብሰው፣ ከላዩ ያለው ነጭ ፊደል የሚያገኘው ልዩነት ከ4 ለ1 በጥቂት ያነሰ ነው፤ ገና ደረጃውን አልደረሰም። ለመድረስ 55 በመቶ ገደማ ማጨለም ይጠይቃል። ከግማሽ በላይ የጠቆረ ፎቶ ደግሞ ምን ፎቶ ነው? ገደሉ ከሰል ሆኗል፣ ዝንጀሮው ጥላ ሆኗል፣ ደመናው ዝናብ አርግዟል። ያ ሁሉ ሜጋባይት የተላከው ይህን ጨለማ ለማሳየት ከነበረ፣ ጥቁር ቀለም በነጻ ነው። ማደብዘዝም አለ፤ ፎቶውን እስኪሟሟ ማደብዘዝ። የደበዘዘው ፎቶ ዓይን አያስቸግርም፣ ፋይሉም በጣም ያንሳል፤ እንጀራ ወደ መሆን ተቃርቧል። እዚያ ከደረሱ የሚቀረው ጥያቄ የማን ፎቶ እንደነበር ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያስታውሰው ባለቤቱ ነው።

አስጎብኚዎችና ሆቴሎች ለብቻቸው ይታዩ። የሰሜን ተራሮችን የሚያስጎበኝ ሰው ሸቀጡ ራሱ ያ ገደል ነው፤ ፎቶውን ትልቅ ቢያደርግ ልክ ነው፣ ከላዩም ስሙንና አንድ ቁልፍ ቢያስቀምጥ ማንም አይከሰውም። ይህ ግን ፎቶው መደብ መሆኑ አይደለም፤ ፎቶው እንግዳ ሆኖ የክብር ቦታውን ያዘ ማለት ነው። ዋጋው፣ የጉዞው ቀንና የሚያስፈልገው ጫማ ከፎቶው በታች በነጭ ሜዳ ላይ ይጻፋሉ። «ኔትወርኩ ይፈጥናል፣ አዲስ አበባ 5ጂ ገብቷል» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፦ ፍጥነት ፎቶውን ያደርሰዋል እንጂ ምክትሎቹን ወደ ስልኩ አይመልስም፤ ደመናውንም አያጠቁርም። ገጹ ዋሽንግተን ውስጥ በሰፊ ስክሪን ተሠርቶ ደሴ ላይ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ያውም ፀሐይ ላይ ሲከፈት፣ የሚያጥረው የመስመሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም።

ታዲያ ይህን ያህል ምክንያት እያለ ትልቁ ፎቶ ለምን አይለቅም? ምክንያቱም የሚመርጠው አንባቢ አይደለም። ድረ ገጹን የሚያሠራው ሰው ጽሑፉን አያነብም፤ ስልክ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ አድራሻው ቤቱ ነው። ስለዚህ ገጹን ሲከፍት የሚያየው የቀረለትን ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ ቦታ። «ይሄ ባዶ ነው» ይላል፤ አባባሉም «ቤቴ እንግዳ መጥቶ ባዶ ገበታ ቀረበለት» የማለት ያህል ነው። በእኛ አገር በባዶ ገበታ የማይደነግጥ ሰው የለም፤ ይህን ድንጋጤ መናቅ አይገባም። ዲዛይነሩም ወጣት ነው፤ «እሺ ጋሼ፣ ፎቶ እንጨምርበታለን» ይላል፣ ክፍያው ገና ግማሹ ነው የተከፈለው። በዚህ ዓይነት መደቡ የባለቤቱ ይሆናል፣ ጽሑፉ የአንባቢው፤ ባለቤቱ ደግሞ በገዛ ቤቱ የመቀመጥ መብት ስላለው ይቀመጣል፤ የሚቀመጥበት ግን እንግዳው ላይ ነው።

ለዚህ የምናቀርበው እርቅ ከትሪው የተማርነው ነው። ፎቶው አይጣል፤ ሳይቆረጥ፣ ሳይጠቁር፣ ሳይደበዝዝ በሙሉ ወርዱ፣ ሥራ አስኪያጁም ምክትሎቹም የፋይናንስ ኃላፊዋም ከነሁለት ትከሻቸው፣ የገጹ ግርጌ ላይ ለብቻው ይቀመጥ። ብራውዘሩም አንባቢው እዚያ እስኪቃረብ ድረስ እንዳያወርደው ማዘዝ ይቻላል፤ ሜጋባይቱን የሚከፍለው የወረደው ሰው ብቻ ነው። ባለቤቱ በዚህ እንደማይስማሙ ይታወቃል። «ግርጌ ድረስ የሚወርድ ማን ነው?» ይላሉ። በልቶ የጨረሰ ነዋ፣ ጋሼ።